የተበዳይ ድምፅ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ትርጓሜውን ግን የተረዳሁት በወልቂጤ የሚኖሩት አክስቴ ልጃቸው በጠብ የተገደለባቸው ጊዜ ነው። እኔም ከምኖርባት ከቡታጅራ ተነሥቼ ወደ እርሳቸው ሄድሁ።

ነገሩ በፍርድ ቤት ታይቶ ገዳዩ በእስራት ተቀጣ። አክስቴ ከችሎቱ ሲወጡ፥ «ልጄ፥ መንግሥት ፈርዶልኛል፤ ነገር ግን የደረሰብኝን ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154፥ ተበዳይ ካሣውን ከወንጀሉ ክስ ጋራ አያይዞ እንዲጠይቅ ፈቅዶለት ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በቁጥር 101 ይህንኑ ያጸናል። ይህን ያስረዳቸው ሰው ግን አልነበረም፤ ተምሬአለሁ የምለው እኔም አላስረዳኋቸውም።

ከዚህ በኋላ የገዳዩ ዘመዶች እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌ ላኩ። በሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ፥ በክስታኔም በጎርደና ሴራ የደም ነገር ለብዙ ዘመን የታየው የሁለት ወገን ቁስል ሆኖ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው በደሉን ያምናል፥ ወገኑ ካሣ ይከፍላል፥ ዳግመኛም ላይበቃቀሉ ይማማላሉ። እስራት ገዳዩን ይቀጣል እንጂ፥ በአንድ ገበያ የሚገናኙትን ሁለት ቤቶች አያስታርቅምና።

ሽማግሌዎቹ በተቀመጡ ጊዜ እኛ ወንዶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ስለ ካሣው ልክ እንነጋገር ነበር፤ እናቲቱ ግን በቤት ውስጥ ቀርተዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት በየጆካ ሽማግሌዎች ፊት መቆሟን እያወቅን፥ እናትን ከልጇ ደም ነገር ማራቃችን አሳፈረኝ። ተነሥቼም ይጠሩ ዘንድ ለመንሁ፤ ሽማግሌዎቹም ፈቀዱ።

አክስቴ መጥተው ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተናገሩም። በጠቡ ቦታ የነበረውን የገዳዩን ወንድም፥ «ልጄ በመጨረሻ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም እያለቀሰ፥ «እናቴን ጥሩልኝ አለ» ብሎ መለሰ። አክስቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ካሣው ለልጁ ልጆች ይሁን፤ እኔ የምፈልገውን ሰማሁ» አሉና እርቁን ተቀበሉ።

ፍርድ ቤቱ ሕግን ያስከብራል፥ ሽማግሌውም ሰላምን ይመልሳል፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይወስድም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተበዳዩን ካልሰሙ ሥራቸው ጎዶሎ ነው፤ በዘመድ ግፊት የተገኘ ይቅርታም እርቅ አይባልም። ስለዚህ በዳኝነትም ሆነ በሽምግልና የሚቀመጥ ሁሉ፥ ነገሩን ከመቍረጡ አስቀድሞ የተጎዳውን ሰው በስሙ ጠርቶ ቢጠይቅ መልካም ነው።