ከሱማሌ ተራ እስከ ሆራ

ሱማሌ ተራ የሚኬደው በጠዋት ነው። ረፈድ ካለ የተቃጠለ ዘይት ሽታው፣ የመዶሻው ድምፅና የተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ!» መቆሚያ ያሳጣል። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ሠላሳ አራት ዓመታት ከመርካቶ የማውቀው በርበሬ ተራን፣ ሸማ ተራንና ምናለሽ ተራን ብቻ ነበር። ከተክለ ሃይማኖት ብዙም የማይርቀውን ይህን የመኪና ዕቃ ሰፈር የረገጥኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ የመኪና በሮች ብቻ ተደርድረዋል። ሌላው ጋ መሪዎች ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። ከፍ ሲሉ ካምቢዮ ብቻ፣ ዝቅ ሲሉ ራዲያተር ብቻ። አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ኩሽኔታ በቤንዚን ያጥባል። ለእንግዳ ሰው ዝብርቅርቅ ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። የፈለጉትን ሲናገሩ በጣት እየተጠቆመልዎ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይላካሉ፤ ልክ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ራጅ እንደሚላክ በሽተኛ።

እዚያ ያደረሰኝ የታላቅ ወንድሜ መኪና ነው። ጋሼ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አለችው። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ናት። በወጣትነቱ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው የገዛት ናት። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ጋሼ ሦስት ጊዜ ሲመለስ እንዳየ ይናገራል። ስለዚህ ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች ማለት ነው። ዲፕሎማዬን ተቀብዬ የመጀመሪያው ምድብ ቦታዬ ስሄድ፣ ሻንጣዬንና ፍራሼን ከላይ አስሮ ያደረሰኝ በእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ማጨስ ጀመረች። ጠዋት ስትነሳ ከማርሚታዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ የግቢውን ጽድ ይሸፍን ነበር። ዘይትም ትጠጣለች። ልጆቹ ተሰብስበው «ትሸጥ» አሉ። ጋሼ የቡና ሲኒውን አስቀመጠና «እኔንም አብራችሁ ሽጡኝ» ብሎ ተነሳ። በማግስቱ እኔን አስከትሎ ቄራ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ወሰዳት።

ሜካኒኩ ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ የተማሩ ሰው ናቸው። ነርስ መሆኔን ሲሰሙ ነገሩን ሁሉ በእኔ ቋንቋ ያስረዱኝ ጀመር። «ሲስተር፣ መጀመሪያ የሚታየው ጭሱ ነው» አሉኝ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ሰማያዊ ከሆነ የሚነደው ዘይት ነው።

ቀጥለው ካንዴላዎቹን ፈቱና በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ አስገቡ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ8 ባር በላይ አነበቡ፤ አንዱ ግን 5 ላይ ቆመ። ታዲያ ወዲያው አልፈረዱበትም። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ለኩት፤ ግፊቱ ወደ 8 ተጠጋ። «ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ግፊቱ ከተነሳ ያለቀው ፋሻው ነው። ባይነሳ ኖሮ ቫልቩን እንጠረጥር ነበር» አሉ። ለእኔ ፋሻ የቁስል መጠቅለያ ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ፒስተኑን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት። ስሙን ሁለታችንም ያገኘነው ከጣሊያን ነው፤ ሥራውም ቢሆን ያው መፍሰስን ማስቆም ነው።

«ሞተሩ ይወርዳል» ተባለ። ጋሼ ዋጋውን ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። የእኔን የስምንት ወር ጡረታ የሚያህል ነበር።

ስለ ሞተሩ ትንሽ ልናገር። ይህች መኪና ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሞተሯን የነደፈው ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተሮችን ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ይዘቱ 1,438 ሲሲ፣ ጉልበቱ 90 የፈረስ ጉልበት ነው። ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍቶች ከላይ አሉት፤ እነሱን የሚያዞራቸው እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሞተሮች ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። በዘመኑ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ነገር ግን 90 ፈረሶቹ ሁሉ አዲስ አበባ አይደርሱም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ሞተሩም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል፤ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

ሱማሌ ተራ የሄድነው ፒስተን ፍለጋ ነው። አንዱ ባለሱቅ የላዳ ፒስተን አወጣልን። «ዘመድ ናቸው፤ ይገባል» አለ። ዝምድናው እውነት ነው። ሶቪየት ኅብረት ከ1970 ጀምሮ ያመረተቻት የመጀመሪያዋ ላዳ የተሠራችው የፊያት 124ን ንድፍ መሠረት አድርጋ ነው። በከተማችን ስንት ሰው ያጓጓዘችው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የጋሼ መኪና የአክስት ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ሞተሩ ግን ሌላ ነው። ሜካኒኩ ፒስተኑን በመለኪያቸው ያዝ አደረጉና «ይሄ 79 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ 80 ነው» ብለው መለሱለት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የደረሰው። አንድ ወጣት ካምቢዮ በትከሻው ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ ከግራ በኩል መጣ። ሁላችንም ገለል አልን፤ ጋሼ ብቻ እንደቆመ ቀረ። ወጣቱ ሊያልፍ ሲል በክርኑ መታው። ጋሼ ተንገዳግዶ የሱቁን በር ያዘና «ከየት መጣ?» አለ።

ከየት እንደመጣ ሁላችንም አይተናል። ከሱቁ አስወጥቼ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ አስሸፍኜ አፍንጫዬን እያየ ጣቴን ሳንቀሳቅስ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ፊት ለፊቱ ሲሆን ያያል። ወደ ጎን ሳወጣው ግን ጣቴ ብዙም ሳይርቅ ጠፋበት። የግራ ዓይኑ የሚያየው በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነበር። በቀኙ ደግሞ «ጭጋግ አለው» አለኝ።

እቤት ስንመለስ መኪናዋን ዞሬ አየኋት። የግራ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተጭሯል። በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ የግቢውን በር ምሰሶ ታክካለች፤ ስፖኪዮዋም ተሰብሮ ተቀይሯል። ሁላችንም «በሩ ጠቦ ነው» ስንል ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በሽተኛ ያየሁ ሰው የመኪናዋን ጭስ ከሩቅ ለየሁ፤ በየእሁዱ አብሮኝ ቡና የሚጠጣውን ወንድሜን ግን አላየሁትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ሄጄ ውል አቀረብኩለት። «ሞተሩ ይውረድ፤ አንተም ትመረመራለህ። ያለዚያ ጋራዥ አብሬህ አልሄድም» አልኩት። «እኔ ምን ሆንኩ?» አለ። «እሷስ እስክትለካ ድረስ ምን ሆና ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ማክሰኞ ዓይን ክፍል ወረፋ ያዝን።

የዓይኑ ግፊት ተለካ፤ የጀርባው ነርቭ ታየ። የግራው ግላኮማ ነበር፤ ቆይቷል። የቀኙ ዋና ችግር የዓይን ሞራ ነው፤ ግፊቱም ከፍ ብሏል። የሁለቱን ልዩነት ለአንባቢ መንገር ግዴታዬ ነው። የዓይን ሞራ የሌንሱ መደፍረስ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ብዙው የግላኮማ ዓይነት ግን ሳያምም፣ ሳያቀላ፣ ቀስ ብሎ ከዳር ጀምሮ ዕይታን ይበላል፤ የበላውንም አይመልስም። ጠብታው የሚያተርፈው የቀረውን ነው። ሐኪሟ ይህን ስትናገር ጋሼ «የኔም ፋሻ አልቋል ማለት ነዋ» አለ። እሷ አልገባትም፤ እኔ ግን ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህቱ ነዎት? እርስዎስ ተለክተዋል?» አለችኝ። ግላኮማ በቤተሰብ ስለሚሄድ፣ በተለይ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው መታየት እንዳለበት ለሌሎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ራሴ ግን አንድም ቀን አልተለካሁም ነበር። ያን ዕለት ተለካሁ። ለጊዜው ደህና ነኝ፤ በየዓመቱ እንድመለስ ተነግሮኛል።

ፒስተኖቹን ጣሊያን የምትኖር የእህታችን ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ በሹራብ ጠቅልላ አመጣችልን። ሲሊንደሮቹ ስላለቁ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከ80 ወደ 80.4 ሚሊ ሜትር ተቦረቦረ። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስንጠቀምባት የነበረችው 27 ቁጥር ቀጭን መርፌ ውፍረት ማለት ነው። ያችን ለምታህል ነገር ነው ያ ሁሉ ጭስ!

ሞተሩ የተገጠመ ቀን ጋሼ የቀኝ ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሳምንት አልሞላውም፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ቫልቮቹ ከየት እንደወጡ ተጽፎባቸው በተራ ተደርድረዋል፤ የቀዶ ጥገና ክፍል ትሪ ይመስላል። ክራንክ ሻፍቱ በአዲስ ብሮንዚና ተቀመጠ። አዲስ ጓርኒሲዮን ተነጠፈ፤ ቴስታታው ተጫነ። ቡሎኖቹ በአንድ ጊዜ አልጠበቁም፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ነው። «አንዱን ብቻ ብታጠብቂ ይጣመማል» አሉኝ ሜካኒኩ። በመጨረሻ ሳንቲም የሚያህሉ የብረት ሳህኖች እየቀያየሩ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከሉ።

ስትነሳ መጀመሪያ አሳለች። ከዚያ ያዘች። ጋሼ ወደ ማርሚታው አላየም፤ ጆሮውን ብቻ አዘነበለ። «አጨሰች?» አለኝ። «አላጨሰችም» አልኩት።

የታደሰ ሞተር ሮዳጅ ይፈልጋል። ሜካኒኩ ያዘዙን ይህንን ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በደቂቃ ከ3,000 ዙር አይለፍ፤ ፍጥነቱ አንድ ላይ አይርጋ፤ ከፍ ዝቅ ይበል፤ በከባድ ማርሽ አይጨነቅ፤ ከዚያ ዘይቱ ይቀየር። ስለዚህ የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ ለመሄድ ወሰንን።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቁልፉን ይዞ ወጣ። በሹፌሩ በር በኩል ጥቂት ቆመ። ሐኪሟ መንዳት እንደማይችል ነግራዋለች፤ እኔ ግን ደግሜ አልነገርኩትም። ከዚያ በመኪናዋ ዞሮ ሄደና ቁልፉን በጣሪያዋ ላይ አንሸራቶ ሰጠኝ። «ሁለተኛው ማርሽ ትንሽ ይነክሳል፤ ቀስ በይ» አለ። በዚያች መኪና በግራ ወንበር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቃሊቲን፣ አቃቂን፣ ገላንን በከባድ መኪኖች መሃል አለፍን። ጋሼ የዙር መቁጠሪያውን ማየት አላስፈለገውም። «አሁን 3,000 ነው፤ ልቀቂ» ይላል፤ ስመለከት መርፌው እዚያው ላይ ነው። ዱከም ቁርስ በላን፤ ሰው ከበባት። አንድ ልጅ «አዲስ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «ውስጧ» አለው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ከፍታዋ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አየሩ ሲወፍር ሞተሩም ቀለል አለው፤ ለእኔም። ከተማዋ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ላይ ያረፉ ሐይቆች አሏት፦ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ስሟን የያዘው ቢሾፍቱ። ሆራ አፋፍ ላይ መኪናዋን አቆምኩና ቦኔቱን ከፈትን። ዘይት አላፈሰሰችም፤ ውሃ አልጎደላትም።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ሐይቁን አየ። ሞራው የወጣለት ዓይኑ ቀለም መልሷል። «ይህን ያህል ሰማያዊ ነበር እንዴ?» አለ። ከግራ በኩል ጀልባ እየመጣ ነበር። አልነገርኩትም። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞረና ራሱ አገኘው። እንዲህ እንዲያደርግ ዓይን ክፍል አስተምረውታል።

ሽቅቡን ስንመለስ በሦስተኛ ማርሽ ሳላስጨንቃት ወጣሁ። እቤት ስንደርስ መቁጠሪያው 96 ኪሎ ሜትር ጨምሯል። ጋሼ በደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ሥሩም «ዘይት የሚቀየረው 404 ሲቀር» ብሎ አሰመረበት። በዚያው ገጽ ላይ የዓይን ጠብታውን ሰዓት እኔ ጻፍኩበት፦ በየማታው ሦስት ሰዓት። የመኪናዋን አይረሳም፤ የራሱን ግን እየደወልኩ አስታውሰዋለሁ።