የነጋዴው ግለ ታሪክ የትኛው ዓመት ላይ ይቆማል?

የታላላቅ ነጋዴዎችን ግለ ታሪክ ብዙዎቻችን የምናነበው ምክር ፍለጋ ነው። «ተስፋ አትቁረጥ»፣ «በሕልምህ ጽና» የሚለውን መስመር አስምረንበት፣ ፎቶ አንሥተን ገጻችን ላይ እንለጥፋለን። እኔ ግን የእነዚህ መጻሕፍት ደካማው ክፍል ምክሩ ነው ባይ ነኝ። ምክር ደራሲውን ምንም አያስከፍለውም። በሕልማቸው ጸንተው የከሰሩ ሰዎችም ያንኑ ምክር ሊሰጡን ይችሉ ነበር፤ ግን የእነሱን መጽሐፍ ማን ያሳትማል? ደጋግሞ መነበብ ያለበት ብድሩ፣ ውሉ፣ ቀረጡና ክሱ የተጻፈበት ገጽ ነው። ከዚያ ደግሞ መጽሐፉ የትኛው ዓመት ላይ እንደቆመ ማየት።

የናይኪው መሥራች ፊል ናይት እ.አ.አ. በ2016 ያሳተመውን «ሹ ዶግ» እንውሰድ። ምዕራፎቹ በዓመት የተሰየሙ ናቸው፤ ከ1962 ተነሥተው ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ እስከሸጠበት እስከ 1980 ይዘልቃሉ። በመካከሉ ያለው ታሪክ፣ ሽፋኑ ላይ ስፖርት ይምሰል እንጂ፣ በአብዛኛው የባንክ ታሪክ ነው። ጫማው ይሸጣል፣ ሽያጩ በየዓመቱ ያድጋል፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው፤ ምክንያቱም የተገኘው ገንዘብ ሁሉ ወዲያው ለሚቀጥለው ጭነት ይውላል። በ1975 ባንኩ «ከእንግዲህ አንፈልግህም» ብሎ ሲያባርረው፣ ዕዳውን ከፍሎ ያዳነው ኒሾ ኢዋይ የተባለ የጃፓን የንግድ ድርጅት ነው። ቀጥሎ የአሜሪካ ጉምሩክ የ25 ሚሊዮን ዶላር ቀረጥ ጠየቀው፤ ከረጅም ሙግት በኋላ ጉዳዩ በ9 ሚሊዮን ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው የጽናትን ኃይል ብቻ አይደለም። አትራፊ የሆነ ድርጅት በጥሬ ገንዘብ እጥረት ሊሞት እንደሚችል፣ ከሞት የሚያድነውም አንዳንዴ የአበዳሪው ውሳኔ እንደሆነ ነው። ናይት ይህን በግልጽ መጻፉ ያስመሰግነዋል።

ሆኖም ታሪኩ 1980 ላይ ይቆማል። የናይኪ ስም በእስያ ፋብሪካዎች ከሠራተኛ በደል ጋር የተነሣው በ1990ዎቹ ነው፤ በ1998 ዋሽንግተን ውስጥ ባደረገው ንግግር ናይት ራሱ ምርቱ ከባሪያ ደመወዝና ከግዳጅ የትርፍ ሰዓት ሥራ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አምኗል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ይህ ጉዳይ ያለው በመዝጊያው ምዕራፍ ጥቂት ገጾች ላይ ብቻ ነው። የጀማሪው ድህነት በዝርዝር ተነግሮ የባለሀብቱ ሥልጣን በችኮላ ይታለፋል።

«ግለ ታሪክ የኦዲት ሪፖርት አይደለም፤ ሰው የፈለገበት ላይ ማቆም መብቱ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መብቱ ነው። የታሪክ ጸሐፊም ቢሆን ይመርጣል። ግን የታሪክ ጸሐፊው ምርጫ የራሱን ስም ከወቀሳ አያድንም፣ የግለ ታሪክ ጸሐፊው ግን ያድናል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ በ1892 ሆምስቴድ በተባለው የብረት ፋብሪካው ሠራተኞችና የኩባንያው ቅጥር ዘበኞች ተታኩሰው ሰዎች ሲሞቱ ስኮትላንድ ነበር፤ ግለ ታሪኩም ይህንኑ መራቁን ያጎላል። መራቁ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከግጭቱ ከወራት በፊት ፋብሪካው ያለ ሠራተኛ ማኅበር እንዲሠራ የሚያውጅ ማስታወቂያ ረቂቅ የጻፈው ራሱ ነበር። አንባቢ ግለ ታሪኩን ብቻ ይዞ ቢቀር የሚያውቀው አድራሻውን እንጂ ውሳኔውን አይደለም።

ደግነቱ ሌላ ዓይነት መጽሐፍም አለ። የጄኔራል ሞተርሱ አልፍሬድ ስሎን ትዝታውን ያዘጋጀው በኩባንያው ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የኩባንያው ጠበቆች «መንግሥት በጸረ ሞኖፖሊ ክስ ማስረጃ ያደርግብናል» ብለው ኅትመቱን ለዓመታት አገዱት፤ አጋዥ ጸሐፊው ጆን ማክዶናልድ ኩባንያውን ከከሰሰ በኋላ ነው መጽሐፉ በ1964 ለገበያ የበቃው። እንደ ልብ ወለድ አይነበብም፤ ደረቅ ነው። ቢሆንም ጠበቃ የሚፈራው ግለ ታሪክ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከሚያጨበጭብለት ይልቅ አመኔታ ይገባዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከወጣቱ ወገን የሚመጣ ነው፦ «የምፈልገው ወኔ ነው፤ የውል አንቀጽ ምን ያደርግልኛል?» ለዚህ መልሱ ሳም ዋልተን ዘንድ አለ። የዎልማርቱ መሥራች በሞተበት በ1992 በወጣው መጽሐፉ ስለ መጀመሪያ ሱቁ ይናገራል። በ1945 ኒውፖርት በምትባል የአርካንሶ ከተማ ሱቅ ሲገዛ 20,000 ዶላር የተበደረው ከአማቱ ነው። ሱቁ ደርቶ በአካባቢው አንደኛ ሆነ። የአምስት ዓመቱ የኪራይ ውል ሲያልቅ ግን «ተከራዩ የማደስ መብት አለው» የሚል አንቀጽ እንደሌለው ታወቀ፤ አከራዩም ሱቁን ለልጁ ፈለገው። ዋልተንን ወኔ አላነሰውም፤ አንድ መስመር ነው ያነሰው። ቤት ተከራይቶ የሚነግድ የአዲስ አበባ ወጣት ከመቶ የማነቃቂያ ጥቅስ ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ይጠቅመዋል።

የእኛ መደርደሪያ ግን ይህን ዓይነት ገጽ እምብዛም አያውቅም። መጽሐፍ አዟሪው እጅ ላይ የትርጉም ማነቃቂያ ሞልቷል። በአማርኛ የተጻፈው ትዝታ ደግሞ፣ ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እስከ ደርግ ባለሥልጣናት፣ በአመዛኙ የመንግሥትና የጦር ሜዳ ትዝታ ነው። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶቻቸው የተወረሱባቸው ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሳይጽፉ አልፈዋል። ስለዚህ ልመናዬ በሕይወት ላሉት የመርካቶ አንጋፎችና ለልጆቻቸው ነው፦ ምክሩን ተዉትና የመጀመሪያውን ዱቤ ማን እንደሰጣችሁ፣ በምን መያዣ፣ በስንት ወለድ፣ በየትኛው ዓመት እንደከሰራችሁና ማን እንዳነሣችሁ ጻፉልን። የበደላችሁት ሠራተኛ ወይም ሸሪክ ካለ፣ እሱንም።