«ጥርስ ነው»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የናይሮቢው ሰፈሬ ሳውዝ ሲ ጭር ይላል። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሱት ትንንሽ አውሮፕላኖች እንኳ ገና አልጀመሩም። የሰባት ወሩ ልጄ ግን ማተቡን ጎትቶ አፉ ውስጥ ከትቶ ያላምጣል። ለሀጩ አንገቱ ሥር ወርዶ ቆዳውን አቅልቶታል። ያን ሌሊት ነው ማተቡን ሲተኛ እየፈታሁ ጠዋት ማሰር የጀመርኩት። (እማዬ ይህን እንዳትሰማ።)

ሰው ሁሉ አንድ ነው የሚለኝ። ለሀጭ? ጥርስ ነው። ቢነጫነጭ ጥርስ ነው፣ ቢያስቀምጠው ጥርስ ነው። ሶማሊዋ ጎረቤቴም፣ ልጅ የምትይዝልኝ ልጅም፣ እኔም። ትኩሳቱ 39 ሲገባ «ጥርስ ነው» ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ጆሮው ነበር ያመረቀዘው። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥርስ ድድ ያሳብጣል፣ ያነጫንጫል፣ ገላን ትንሽ ሞቅ ሊያደርግ ይችላል፤ 39 ግን አያደርስም አለችኝ። ነገሩ የጊዜ መገጣጠም ነው። ስድስት ወር ላይ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል፣ ምግብ ይጀምራል፣ ከወለል ያነሳውን ሁሉ ይቀምሳል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርሱ በቦታው ስለተገኘ ብቻ ተጠርጥሮ ይታሰራል።

ከደሴ እማዬ ደወለች። «ድዱን ገለጥ አድርገሽ እዪው፤ ነጭ ነገር ካለ ይነቀልለት።»

ነጭ ነገር የምትለው የወተት ክራንቻው ነው። ገና ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የሚወጣ ጥርስ፣ አሁን ድዱ ሥር አበጥ ብሎ ይታያል። አዋቂ የተባለው ሰው በጋለ መርፌ ወይም በሾለ ብረት ድዱን በጥቶ ያወጣዋል። ደም አለ፣ ቁስል አለ፣ ቴታነስ አለ። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም አብሮ ሊነካ ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው፤ ፎቶ ስነሳ አፌን የምገጥመው ለምን ሆነና! የግራ ክራንቻዬ ጠማማ ነው።

«እኔን ለምን አስነቀልሽኝ?» አልኳት፤ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ወንድምሽን ሳላስነቅለው ነው የሞተብኝ» አለች። ተቅማጥ ነበር፣ ሦስት ቀን። እኔ ስወለድ ያንኑ ቀን ድጋሚ ላለማየት ነው ተሸክማኝ የሄደችው። እኔም ዳንኩ። ታዲያ ማን ያሳምናታል?

በወንጀል ሕጋችን ውስጥ እኮ አለ፤ የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ፣ ሕፃን ከሞተ ያስቀጣል ይላል። ላነብላት አሰብኩና ተውኩት። ልጅ ለቀበረች እናት አንቀጽ ይነበባል?

የእኛ ብቻም አይደለም። ልጅ የምትይዝልኝ ልጅ በእነሱ አገር «የፕላስቲክ ጥርስ» እንደሚባል ነገረችኝ፤ ታንዛኒያ ውስጥ የናይለን ጥርስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1994 እስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ስለ ቤተ እስራኤል ልጆች ባሳተሙት ጥናት ያው የጎደለ ክራንቻ አለ። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል ማለት ነው። ናይሮቢማ ቅርብ ናት።

ድድ ላይ የሚቀባ የሚያደነዝዝ ጄልም አልገዛሁም። ቤንዞኬይን ያለበት ከሆነ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ ብሏል። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 «ማይ ፒኪን» የተባለ የጥርስ ማብቀያ ሽሮፕ በመርዝ ተበክሎ 84 ሕፃናት ገድሏል። እኔ ያለኝ ንጹሕ ጨርቅ ነው፤ አርጥቤ ፍሪጅ ውስጥ አቆየውና አስነክሰዋለሁ። ወይም ጣቴን ታጥቤ ድዱን አሸዋለሁ። ሲያስቀምጠው ጡት አላቋርጥም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጬ አጠጣዋለሁ፣ ከባሰም ሐኪም ቤት ነው። ሁለት ቀን መጠበቅ ቀርቷል።

ትናንት ጠዋት ገንፎ ሳጎርሰው ማንኪያው «ቂጭ» አለ። መልሼ ነካሁት፤ ቂጭ። ከታች፣ ከፊት፣ የሩዝ ፍሬ ጫፍ የምታክል። ሮጬ ለእማዬ ደወልኩ። እልል አለች፣ ስልኩ ውስጥ እስኪጮህብኝ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክራንቻውስ?»

«በጊዜው ይወጣል፣ እማዬ። ማንም አይነካውም።»

«እስኪ እናያለን» አለች።