ርካሽ መቅረጸ ድምፅና የጣና ዳር ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ የጣና ሐይቅ ነፋስ በሚደርስባቸው ሰፈሮች፣ ማሲንቆውን ወይም ክራሩን ይዞ በገዛ ቤቱ ድምፁን ለመቅረጽ የሚነሣ ወጣት ከያኒ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዜማው ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው። በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ማይክሮፎን፣ ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድና ያገለገለ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ ይበቃሉን? ወይስ አዲስ አበባ ዘልቆ ስቱዲዮ እስኪከራይ ድረስ ዜማው በሆዱ ይቆይ? ነገሩ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጋዴዎች በተተወ ነበር። ሆኖም በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ አረጋውያን በገና ደርዳሪዎችና አዝማሪዎች ዕድሜ፣ ስቱዲዮ እስኪገኝ ድረስ አይጠብቅም።

ለመሆኑ «በቂ» የሚባለው ዕቃ የትኛው ነው? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ክፍል አልነበረም። በኤሌክትሪክ መቅረጽ በሸክላ ኩባንያዎች ዘንድ የተጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ድምፃዊው በመለከት መሰል ቀንድ አፍ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የድምፁ ጉልበት መርፌውን ገፍቶ ሰሙን ይጭራል። ዛሬ ባሕር ዳር ገበያ ላይ የሚገኘው እጅግ ርካሹ ማይክሮፎን ከዚያ ቀንድ ጋር ለውድድር የሚቀርብ አይደለም። የተሰማ እሸቴ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።

ከዚህ ይልቅ ለጉዳዩ የሚቀርበው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ነው። እማሆይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና ብዙ በማይርቀው ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ሲያድሩ አይተው ልባቸው ተነካ። ለእነርሱ መርጃ ይሆን ዘንድ በ1967 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን አገር አሳተሙ። ይህ በወጉ የተቀረጸው ሥራ ነው። ሌላም አለ። በ1977 እና በ1985 እ.ኤ.አ. መካከል፣ ያ ሁሉ መከራ ባለፈበት ዘመን፣ ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው የዘመሩትን በተራ ካሴት ቀርጸው አስቀመጡ። በቀረጻው ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። እማሆይ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ፤ እነዚያ የቤት ካሴቶች በዓመቱ በአልበም ወጥተው በዓለም ዙሪያ ተደመጡ። ወፎቹን ለማስወጣት ስቱዲዮ እስኪገኝ ቢጠበቅ ኖሮ ዜማው ባልኖረ ነበር።

በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በጥር 1982 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ቤቱ በአራት መሥመር የካሴት መቅረጫና በሁለት ተራ ማይክሮፎኖች ለሙከራ ያህል የቀረጻቸውን ዘፈኖች ከባንዱ ጋር እንደገና ቢሞክራቸው ነፍሳቸው ጠፋ። በመጨረሻ «ኔብራስካ» ተብሎ የታተመው ያው በኪሱ ይዞት ሲዞር የነበረው ካሴት ነው።

በቁጥርም ረገድ ክርክሩ አብቅቷል ማለት ይቻላል። ተራ ካሴት በራሱ ሹክሹክታና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ግድም ነው። የሲዲ 96 ይደርሳል። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ሳውንድ ካርድ ከካሴቱ እጅግ የላቀ ነው። እንግዲህ ቀረጻው ከተበላሸ ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ጥፋተኛው ክፍሉ ነው። የጣና ዳር ቤት በአብዛኛው የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሆኗል። ሲሚንቶ ድምፅን አይውጥም፤ መልሶ ይተፋዋል። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከማንኛውም ከበሮ ይበልጣል። በበጋ ደግሞ ባጃጁ አለ። ውድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ይህን ሁሉ ከርካሹ ይልቅ አጥርቶ ይሰማል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክፍል ገንዘብ ማብዛት ጉድለትን አጉልቶ መግዛት ይሆናል። ከአፍ አንድ ጋት ርቆ የሚቀመጥ ተራ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይሻላል። አያቶቻችን የኖሩባቸው የጭቃና የሣር ክዳን ጎጆዎች ለዚህ ሥራ ከቪላው ይልቅ የተመቹ ነበሩ፤ ሣርና ጭድ ድምፅን ይውጣሉና። ጎጆው ከሌለ በግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ቀረጻውንም ባጃጅ ሳይነሣ ከንጋት በፊት ማድረግ ነው። ማይክሮፎን ሻጩ ይህን አይነግርም፤ ጋቢ አይሸጥምና።

ከክፍሉ ቀጥሎ የሚጠነቀቁት መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ከሚሠራው ሥራ ነው። ብዙ ስልኮችና ርካሽ መቅረጫዎች የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ማሲንቆው ዝግ ሲል የክፍሉን ጉምጉምታ ያነሣሉ፤ አዝማሪው ግጥሙን ቋጥሮ ድምፁን ሲለቅ ይጨቁኑታል። በዝግታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት የአዝማሪው ጥበብ ነው፤ መሣሪያው ግን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርመዋል። በገና ላይ የሚደርሰው ይብሳል። የበገና ውበት ከአሥሩ አውታር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ከሥሩ የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚሰጡት ነዝናዥ ድምፅ አለበት። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም ይህን ነዝናዥነት ጫጫታ ነው ብሎ ሊፋቀው ይችላል። የሚቀረው በገና ሳይሆን የታፈነ ክራር ይመስላል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች በገና ሰምተው እንደማያውቁ መገመት አያስቸግርም። የራስ ማስተካከያውን ዘግቶ መጠኑን በእጅ መወሰን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ርካሹ ዕቃ የማይበቃበት ቦታም አለ። ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ክራሩና ተቀባዮቹ በአንድነት የሚነሡበት ሙሉ የባህል ቡድን በሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ አይያዝም። ያ የስቱዲዮ ወይም የመድረክ ሥራ ነው።

የቤት ቀረጻ እውነተኛ ድህነት ግን በአቀማመጡ ላይ ይታያል። ሸክላው በመደርደሪያ፣ ካሴቱ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ የዛሬው ቀረጻ በአንድ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ሐይቅ ውስጥ ሲወድቅ አብሮ ይሰጥማል። በየመልእክት መላኪያው ሲተላለፍም እየተጨመቀ ይሳሳል። ስለዚህ ያልተጨመቀውን ዋና ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ፣ ሦስተኛውን ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ይገባል። በቀረጻው መጀመሪያ ላይም የባለዜማው ስም፣ ቀኑና መንደሩ በድምፅ ይነገር፤ ሽማግሌው ዜማው ለማን እንዲሰማ እንደፈቀዱ ጭምር፣ በራሳቸው አንደበት።