የጄት ፖስት ካርዶችና የገንዳ ውሃ መንገድ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ በጭልጋ፣ በአይከል በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። ከደጋ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ነጋዴ ባሕር ሲደርስ አጣጥፎ ከሻንጣው ይከተዋል፤ ገንዳ ውሃ ሲገባ ደግሞ የለበሰው ሸሚዝ ራሱ ይከብደዋል። ብዙ ሰው ሸኸዲ እያለ የሚጠራት ይህች ከተማ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላና ዕጣን የሚነገድባት በመሆኗ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ጎዳናዋን ያጣብበዋል። ከዚያ ወዲያ ኮኪት፣ ከኮኪት ወዲያ መተማ ዮሐንስ፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የሱዳኗ ጋላባት ናት። በአካባቢው የጸጥታ ችግር ስለሚያጋጥም ጉዞ ያሰበ ሰው የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ውድ እናቶችና እህቶች፣ “የመንገደኛ ጄት አውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ፖስት ካርድ ስለ ማጠራቀም ልታወሩን ተነሥታችሁ ስለ ሰሊጥ አገር የምትነግሩን ለምንድን ነው?” ሳትሉ አትቀሩም። ነገሩ ግን ይህችን ከተማ በብርቱ ይነካታል።

የዚህ አገር ሽማግሌዎች አውሮፕላንን መጀመሪያ ያወቁት በክፉ ነው። በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ እንግሊዞችና ኢጣልያኖች ጋላባት ላይ ሲዋጉ ሰማዩ የቦምብ ጣዮች ነበር። ሌላ ዓይነት አውሮፕላን የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1944 ዓ.ም. ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት መንገደኞችን ይዞ ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ መብረር ሲጀምር፣ ካረፈባቸው ከተሞች አንዷ ካርቱም ነበረች። በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት መሥመር በጎረቤታችን ሰማይ አለፈ ማለት ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የእኛ አየር መንገድ ጄት ያገኘው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ እነሱም ሁለት ቦይንግ 720 ቢ ነበሩ። የልደታው ሜዳ ለእነሱ ስላልበቃ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ሱዳንም በዚያው ሰሞን ኮሜት ገዝታ ስለነበር፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች አንዷ በአሜሪካ፣ ሌላይቱ በእንግሊዝ ጄት በአንድ ጊዜ ወደ አውሮፓ መብረር ያዙ።

ያን ጊዜ አየር መንገዶች የአዲሱን አውሮፕላናቸውን ሥዕል በፖስት ካርድ እያሳተሙ፣ በመንገደኛው ፊት ባለው የወንበር ኪስ ውስጥ ከደብዳቤ ወረቀት ጋር ያኖሩለት ነበር። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ማስታወቂያ ነው። መንገደኛው ለቤተሰቡ ሁለት መሥመር ጽፎ ሲልክ አየር መንገዱም አብሮ ይተዋወቃል። ሥዕሉ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አውሮፕላኑ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ካርዱ እንዲደርስ ሲፈለግ፣ የድርጅቱን ቀለምና ስም በብሩሽ የሚቀባ ሠዓሊ ይጠራል። ደመናው ያለ ልክ የነጣ፣ ጥላው ወዴት እንደወደቀ የማይታወቅ አውሮፕላን ስታዩ ይህን ጠርጥሩ። ይህን ዓይነቱን የሚያሳድዱ አጠራቃሚዎች አሉ፤ ለእኔ ግን ሰው በደረጃው ሲወጣ የሚታይበት ፎቶግራፍ ይበልጥብኛል።

በአገራችን ደብዳቤ የሚታደለው ቤት ለቤት ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ ፖስት ካርድ የሚደርሰን በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በዘመድ ሣጥን በኩል ነው። ያልታሸገ ጽሑፍ በመሆኑም እናት እጅ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዓይን ያየዋል። ስለዚህ ጸሐፊው “እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተስ?” ብሎ ያበቃል። በ1970ዎቹ በመተማ በኩል በእግራቸው ተሻግረው ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ አውሮፓና አሜሪካ ለዘለቁት ወገኖቻችን ደግሞ ቁጥብነቱ የግድ ነበር። ቤተሰቡን ላለማስጠየቅ ስሙን እንኳ ሳያሰፍር የሚልክ ነበር። ወሬውን የሚናገረው እንግዲህ ሥዕሉ ነው፤ ጄቱን ያየች እናት ልጇ ከበረሃው መውጣቱን ትረዳለች።

በገንዳ ውሃ ያነጋገርናቸው አንዲት እናት እንዲህ ያለ ካርድ አላቸው። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ተሻገረ። በ1972 ዓ.ም. ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞተ የሚል ወሬ መጣ፤ ተለቀሰ፤ በዚያው ዓመት ተዝካሩም ወጣ። ከዓመታት በኋላ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከማዶ ፖስት ካርድ ይዞ ገባ። ጽሕፈቱ የወንድማቸው ነው። “ደህና ነኝ፣ አታልቅሱ” ይላል። ቀን የለውም፤ በእጅ በእጅ ስለመጣም የፖስታ ቤት ማኅተም አላረፈበትም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና “ይህ ሳይሞት የጻፈው ነው፤ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ” ብሎ ፈረደ። እኒህ ሴት ግን ካርዱን በቆርቆሮ ሣጥን፣ በክት ነጠላቸው እጥፋት ውስጥ አኖሩት።

ተቀብለን አገላብጠን አየነው። ከፊቱ የጀርመኑ ሉፍታንዛ አውሮፕላን ቆሞ መንገደኞች በደረጃው ሲወጡበት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ከኋላው፣ ከግርጌው፣ እሳቸው በማያነቡት ፊደል፣ በጣም ደቂቅ ሆኖ “ኤርባስ ኤ 310” የሚል ታትሟል። ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ የወጣው በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ነው፤ በሉፍታንዛ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ደግሞ በሚያዝያ 1975 ዓ.ም.። መንገደኛ የሚሳፈርበት ፎቶግራፍ ከዚያ በፊት ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ካርዱ የተጻፈው ተዝካሩ ከወጣ ከ2 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህን ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። “ልጄ፣ እኔማ ጽሕፈቱ የታማሚ እጅ አለመሆኑን አይቼ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ” አሉ። ቀጥለውም ጀርመን አገር ሥራው ምን እንደሆነ፣ ብርዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁን። የእኅታቸው ልጅ እዚያው ስለሚኖር የካርዱን ሁለት ገጽ በስልክ አንሥተን ላክንለት። የፍለጋው ነገር ገና ነው። ቀደም ሲል ካርዱን በጥሩ ዋጋ ልግዛዎ ያላቸው ሰው ነበር፤ አልሸጡለትም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገዱ ተገልብጧል። በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በአውሮፕላን ማረፊያው ቆመው የነበሩ ጄቶች በእሳት ጋዩ፤ ሕዝቡ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ፈለሰ። ብዙ ዘመን እዚያ የኖሩ የአገራችን ሴቶችም አብረው መጡ። በሌሊት ልጅ አዝሎ የወጣ ሰው ፎቶግራፍና ካርድ ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም።

በእናንተ ቤት ግን ጊዜ አለ። ካርዱን ስታገኙ መጀመሪያ ገልብጡት። የአውሮፕላኑን ዓይነት ካወቃችሁ ዘመኑን ትቀርባላችሁ፤ የእኛ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከሆነ ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ፣ 787 ከሆነ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በጭራው ወይም በጎኑ ላይ ያሉትን ፊደሎችም ተመልከቱ፤ “ኢ.ቲ.” የኢትዮጵያ፣ “ኤስ.ቲ.” የሱዳን ምዝገባ ነው። ቴምብሩን በውሃ አታላቁት፤ ከነማኅተሙ ሲሆን ነው ቀኑንና አገሩን የሚናገረው። ልጆች ለጨዋታ ቢጠይቁ በስልክ አንሥታችሁ ሥዕሉን ስጧቸው።

ሙጫና ፕላስተር ካርድን ያጠፋሉ። ማዕዘኑን ብቻ በሚይዝ አልበም ውስጥ ወይም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ማኖር ይሻላል። ሣጥኑን በቆላ አገር ከጭቃ ግድግዳና ከመሬት አርቃችሁ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ምስጥ አይምርምና። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ካርድ ቀለሙ ይሸሻል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ካርዱን ማን እንደላከው የምታውቅ አክስት ወይም አያት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋትና በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከካርዱ ጋር አኑሩት።