ሳንታመም የምንከፍለው ብር

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ጉሊት የምትቸረችር ጎረቤቴ ዘንድሮ የጤና መድኗን አላሳደሰችም። «አምና ከፍዬ አንዳችንም አልታመምንም፤ ብሩ እንዲሁ ቀረ» ትላለች። ይገባኛል፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ምንም ሳይቀበሉ መክፈል ያንገበግባል። ግን በዚያ ብር የሌላ ሰው እናት ታክማበታለች። ዕድር ስንከፍል ኖረን ከቤታችን ሰው ስላልሞተ ከሰርን እንላለን እንዴ?

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው በኋላ አዲስ አበባ የደረሰው። የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ነው፤ ለባለ ጉሊቷ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለባለ ሱቁ። መዋጮው በቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ አቅም ለሌለው መንግሥት ይሸፍንለታል። ለደመወዝተኛውም በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ፣ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ትግበራው ግን ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ።

ስለዚህ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የመድን ውል ገብቶላችሁ ከሆነ ውሉን አስወጥታችሁ አንብቡት። የዓመቱ ጣሪያ ስንት ነው? ወሊድ ይሸፍናል? የቆየ ስኳር ወይም ደም ግፊትስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆስፒታሉ ሒሳቡን በቀጥታ ከመድን ድርጅቱ ይቀበላል ወይስ እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚተካላችሁ? ሌሊት 8 ሰዓት ሕፃን ታቅፎ በግል ሆስፒታል በር ላይ ቅድሚያ ክፍያ ለተጠየቀ ሰው ከወር በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ያን ሌሊት አይደርስለትም።

ማህበረሰብ አቀፉ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው አካሄዱን ባለማወቅ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። እድሳት መርሳትም ሌላው መሰናክል ነው፤ አንድ አባት በካርድ ክፍል መስኮት በላስቲክ የጠቀለሉትን የመድን መታወቂያ በጥንቃቄ ፈትተው ሲያቀብሉ አይቻለሁ። «አባባ፣ የዘንድሮው አልታደሰም» አለቻቸው ልጅቷ። መልሰው ጠቀለሉትና የኮታቸውን ኪስ መዳበስ ጀመሩ።

«መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዙ» የሚባለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ሊስተካከልም ይገባል። ነገር ግን አባልነታችንን ትተን ስንወጣ ቋቱ ይበልጥ ይሳሳል፤ መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋል። ውስጡ ሆነን መጠየቅ ይሻለናል።

የወረዳችሁ የእድሳት ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ በዚህ ሳምንት ጠይቁ። በግቢያችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ የእሳቸውንም መታወቂያ አብራችሁ እዩላቸው።