ለዕረፍት መንደር ያወጣነው ገንዘብ

በእንግሊዝ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች፥ የትምህርት ቤት መዝጊያ በቀረበ ቍጥር ከልጆቻችን የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጓደኞቻችን ሁሉ ወደ ዕረፍት መንደር ሊሄዱ ነው፤ እኛስ?» የሚል ነው። እኛ በለንደን ከተማ የምንኖር፥ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ያሉን ባልና ሚስት ነን። ጥያቄው በቤታችን ገብቶ ብዙ ጊዜ አከራክሮናል። ሁለት ጊዜም ሄደን አይተነዋል፤ በመጀመሪያው ተጸጽተን፥ በሁለተኛው ደስ ብሎን ተመለስን። ስለዚህ ያየነውንና ያወጣነውን ሳንሸሽግ ብንጽፍ የሚጠቅመው ቤተ ሰብ አይጠፋም ብለን አሰብን።

የዕረፍት መንደር የምንለው፥ በባሕር ዳር ወይም በጫካ መካከል የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። በውስጡም ብዙ ትናንሽ ቤቶች፥ ወይም ካራቫን የሚባሉት ከቆሙበት የማይንቀሳቀሱ ጎጆዎች፥ እንዲሁም የመዋኛ ገንዳ፥ የልጆች መጫወቻ፥ መደብርና የመብል አዳራሽ ይገኛሉ። ቤተ ሰቡ ለሦስት ወይም ለአራት ሌሊት፥ ቢበዛ ለሳምንት ይከራያል።

የነገሩ አመጣጥ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ቢሊ በትሊን የተባለ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሰው፥ ባሪ አይላንድ በምትባለው የዌልስ የባሕር ዳር ቦታ ሳለ፥ ለዕረፍት የመጡ ቤተ ሰቦች ከቁርስ በኋላ ከተከራዩት ቤት እየወጡ፥ ዝናብ ቢዘንብም እስከሚቀጥለው ማዕድ ድረስ ሕፃናት አዝለው ውጭ ሲንከራተቱ አየ። አከራዮቹ ቀን ቀን በቤት ውስጥ ሰው አይፈልጉም ነበረና። ይህን በልቡ ይዞ በ1936 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በስኬግነስ ከተማ አጠገብ የመጀመሪያውን መንደር ከፈተ። ያ ዓመት ለእኛ የመከራ ዓመት ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር የገቡት በዚያው ዓመት ነው። የመንደሩ ዋጋ እንደ ወራቱ ከ35 ሽልንግ እስከ 3 ፓውንድ ሲሆን፥ በቀን ሦስት ጊዜ መብልና ጨዋታው ሁሉ በዚሁ የተጠቃለለ ነበረ። የሳምንት ዕረፍት በሳምንት ደመወዝ እንደሚገኝ ማስታወቂያው ይናገር ነበር። በ1938 ዓ.ም. ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥበት በዓመት አንድ ሳምንት እንዲያርፍ የሚረዳ ሕግ ሲወጣ ገበያው ይበልጥ ደራ። የጫካው ዓይነት ግን ከኔዘርላንድ የመጣ ነው። ፒት ደርክሰን የተባለ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ በ1968 ዓ.ም. ጀመረው፤ ሴንተር ፓርክስ በሚለውም ስም በ1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሸርውድ ጫካ ተከፈተ። በዚያ የመዋኛው አዳራሽ በክረምትም በበጋም 29.5 ዲግሪ ስለሚሞቅ፥ ውጭ በረዶ እየወረደ ልጆች ውስጥ ይዋኛሉ። በትሊን የአንድ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ይበቃል ቢልም፥ ለመጀመሪያው ጉዞአችን የሁለታችን የሳምንት ደመወዝ ተደምሮ አልበቃም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ባል አውቶቡስ ይነዳል፤ ሚስት በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። አንዱ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ፥ አራታችን በአንድ ማዕድ የምንቀመጠው እሑድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሁለታችንም ወሎዬዎች ነን፤ የልጆቻችን አያትም በደሴ ይኖራሉ። እርሳቸውን ለማየት ዕቁብ ገብተን ስናጠራቅም ሳለ፥ በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ደረሰና ጉዞው ቀረ። ልጆቹ አዘኑ። ዕቁቡ በጃንዋሪ 2022 በወጣልን ጊዜ፥ እነርሱን ለማጽናናት ብለን በምሥራቅ ባሕር ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ቤት ያዝን፤ አራት ሌሊት ከነቁርሱና ከነራቱ 880 ፓውንድ። የያዝነው ቀን ከኦገስት 8 ጀምሮ ነበረ።

አንባቢ ስሕተታችንን ሳያውቅ አልቀረም። እኛ ግን የእንግሊዙን የቀን መቍጠሪያ ብቻ እያየን ስለ ነበረ፥ ኦገስት 8 ማለት ነሐሴ 2 ቀን መሆኑን፥ ይኸውም ፍልሰታ በተያዘ በማግሥቱ መሆኑን ያስተዋልነው በሰኔ ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም ተባልን። ከመንደሩ ጋራ ክርክር አልያዝንም፤ ውሉን ሳናነብ የፈረምነው እኛው ነን። እንዲያው ሄድን።

የቁርሱ አዳራሽ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም አንቀምስም። ስለዚህ የአራት ቀን ቁርስ ተከፍሎበት ሳይበላ ቀረ። ማታም ቢሆን፥ ለአራት ሰው የተከፈለበት ሥጋና እንቁላል ፊት ለፊታችን እየጨሰ፥ እኛ ዳቦ፥ የተጠበሰ ድንችና በቲማቲም የተሠራ ቦሎቄ ይዘን ተቀመጥን። ልጃችን ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ፍልሰታን ሊጾም በራሱ ፈቃድ የተነሣውም በዚያው ዓመት ነው። በሁለተኛው ማታ የአይስክሬሙን ማሽን ብዙ ጊዜ ሲመለከት ቆየና፥ «አባዬ፥ ነገ እዚህ አንምጣ» አለ። በማግሥቱ ከመደብሩ ሙዝና ዳቦ ገዝተን በባሕሩ ዳር በላን። ከመደብሩ የገዛነው እንግዲህ በተከፈለ ራት ላይ ሌላ ራት መሆኑ ነው።

ወጪውም በዚህ አልቆመም። ገንዳው ያለ ተጨማሪ ዋጋ ነው፤ ብስክሌቱ ግን በኪራይ ነው፤ የኳስ ማንከባለያው በሰዓት ነው፤ ፎቶግራፉ ለብቻው ነው፤ ሳንቲም የሚበሉት ማሽኖች ደግሞ ከገንዳው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ተደርድረዋል። (ማን እዚያ እንዳቆማቸው ባናውቅም የልጅን ልብ የሚያውቅ ሰው ነው።) በአራት ቀን ውስጥ 270 ፓውንድ ሄደ። ጠቅላላው 1,150 ፓውንድ ሆነ፤ ይህም ከሁለታችን ለአንዱ ደሴ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ገንዘብ ነበረ።

በመጨረሻዋ ማታ ለአያታቸው ስልክ ደወልን። ባሕር ዳር መሆናችንን ስንነግራቸው፥

«ዘመድ አላችሁ ወይ እዚያ?» ብለው ጠየቁን።

«የለንም፤ ተከራይተን ነው» አልን።

«ታዲያ ማን ተቀበላችሁ?»

ሣቅን፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። እኛም ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነገሩ ከልባችን አልወጣም። በልጅነታችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደሴ ወደ ሐይቅ አክስታችን ዘንድ እንላክ ነበር። ዕረፍት የሚባል ቃል በአፋችን አልነበረም፤ «እትዬ ዘንድ መሄድ» ነው የምንለው። ዋጋው ስኳርና ቡና በጨርቅ ተቋጥሮ ነው። አክስታችን ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል ደጃፍ ቆመው ይጠብቁናል። ፍልሰታ በዚያው ወራት ቢውልም ችግር አልነበረውም፤ እርሳቸውም ይጾማሉና በቤቱ የሚያስጎመጅ ነገር የለም። ለቡሄ ሙልሙሉ ይጋገራል፤ ጅራፉ ይገመዳል፤ ማታ ማታም ከዝናቡ ድምፅ ጋራ የማያልቅ ወሬ ይወራል። የእናትና የአባታችንን የልጅነት ነገር የሰማነው ሁሉ በዚያ ቤት ነው።

በእንግሊዝ አገር ለልጆቻችን እንዲህ ያለች አክስት የለቻቸውም። የዕረፍት መንደሩ የሚሸጥልን እንግዲህ የአክስትን ቤት ቦታ ነው፤ አክስቲቱን ግን አይጨምርም። ይህን ከተረዳን በኋላ ነው ሁለተኛው ጉዞአችን የተቃናው፤ እርስዋን ከቤታችን ይዘን ሄድን ብንል ይሻላል።

በ2024 ዓ.ም. በሜይ ወር መጨረሻ በሚሰጠው የአንድ ሳምንት የትምህርት ዕረፍት፥ ከአንድ ወዳጅ ቤተ ሰብ ጋራ ሁለት ካራቫን ጎን ለጎን ያዝን። ያ ሳምንት በአብዛኛው ዓመታት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የፋሲካው የትምህርት ዕረፍት ግን ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። የበጋውም ዕረፍት ቢሆን ከነሐሴ 1 በፊት ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ ካልሆነ እኛን የገጠመን ይገጥማል። ዋጋው ለእኛ ድርሻ 390 ፓውንድ ሆነ፤ ምግቡን ራሳችን ልንሠራ። ዶሮውን በቤት ሠርተን አቀዝቅዘን ወሰድን፤ እንጀራውን በሻንጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ 15 ፓውንድ አስቀድመን ሰጠንና፥ በማሽኑም ቢጥሉት በብስክሌትም ቢነዱት ሌላ እንደማይጨመር ተነጋገርን። ከመኪናው ነዳጅ ጋራ 480 ፓውንድ ፈጀን።

በመጀመሪያው ጧት በካራቫኑ ውስጥ ቡና ልንቆላ ብንሞክር የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኸብን፤ ሁለቱም ቤተ ሰብ በሌሊት ልብሱ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምድጃውን ደጃፍ አወጣን። ሽታው የጠራው አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ጎረቤት የራሱን ወንበር ይዞ መጣና ከልጅነቱ ጀምሮ ከወላጆቹ ጋራ ወደዚህ ባሕር ዳር ይመጣ እንደ ነበረ አጫወተን። ቶናውን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል በረካው እንደሚቀር ነግረን አስቀመጥነው። በማግሥቱም ሳንጠራው መጣ።

ሚስት አራት ሌሊት በተከታታይ ሌሊት ተኛች፤ ይህ ከሦስት ዓመት ወዲህ ያልሆነ ነገር ነው። ልጃችን ያን ጊዜ 13 ዓመት ሆኗት፥ ከእኛ ጋራ የምትናገረው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበረ። በሦስተኛው ሌሊት ኀይለኛ ዝናብ ጣለ። የካራቫን ጣሪያ የዝናቡን ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ያሰማል፤ ግድግዳውም ስስ ስለ ሆነ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳይነሡ ይነጋገራሉ። በጨለማ ውስጥ፥ «እማዬ፥ ሐይቅ ስትሄዱ የት ነበር የምትተኙት?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ሲጀምር ሌላው እያረመው እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ለዚያ ሌሊት ስንት ፓውንድ እንደምንተምንለት አናውቅም፤ ነገር ግን በ880ው ውስጥ አልነበረም።

ጥቂት ነገር እንጨምር። በእንግሊዝ አገር፥ ዋጋ ይቀንሳል ብሎ ልጅን አምስት ቀን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያዋጣም። ከኦገስት 2024 ዓ.ም. ወዲህ ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ለከፈለ 80 ፓውንድ፥ ከዚያ በኋላ 160 ነው፤ ያውም በየወላጁና በየልጁ ስለሚታሰብ እንደ እኛ ያለውን ቤተ ሰብ ቢያንስ 320 ያስከፍለዋል። ካራቫን መግዛት ደግሞ ጭራሹን ሌላ ነገር ነው። እኛም ሻጩ ሻይ አቅርቦልን ሰምተነዋል። ካራቫኑ የገዢው ቢሆንም መሬቱ የመንደሩ ነው፤ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ ይከፈልበታል፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ቤት አይኖሩበትም፤ የውሉ ዓመት ሲያልቅ ይነሣል፤ ዋጋውም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ይወርዳል። ሻዩን አመስግነን ወጣን።

ስለዚህ ያዋጣልን? ለሚሉን፥ የሁለተኛው ዓይነት ያዋጣል፥ የመጀመሪያው አያዋጣም እንላለን። ይሁን እንጂ 480ውም ቢሆን ከአንድ ኪስ የሚወጣ ነው፤ አያታቸው 81 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ካየናቸውም ስድስት ዓመት አልፏል። ዘንድሮ ወዳጆቻችን ካራቫኑን እንያዝ ብለው በደወሉልን ጊዜ፥ «ለአያቴ ይቀመጥ» ያለችው ልጃችን ናት። ወንዱ አልወደደም፤ አንድ ቀን ሙሉ አኰረፈ፤ በኋላ ግን ከባሕሩ ያመጣቸውን ድንጋዮች በአንድ ከረጢት ሞልቶ ለአያቱ ይወሰድልኝ ብሎ ሰጠን። ገንዘቡ ከአዲሱ ዕቁብ ጋራ ተደምሮ የአንድ ሰው ትኬት ይሆናል። ከአራታችን ማን እንደሚሄድ ገና አልተስማማንም።